ቦርሳው ሲበላሽ ከፋዩ ማን ነው?

  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የሴቶች የእጅ ቦርሳ ነው። «ይህ ደግሞ የዲን ጉዳይ ሆኖ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ከቦርሳው ጀርባ የሰው ሐቅ አለ፤ የሰው ሐቅ ባለበት ሁሉ ደግሞ ሸሪዓ የሚለው አለው።

ጥቅምት ገብቶ ቡና መለቀም ሲጀምር በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል። ኒካሑም ሰርጉም ለዚያው ወቅት ይቀጠራል። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የተመለሰች እህት ለእናቷና ለእህቶቿ ከምታመጣቸው ነገሮች አንዱ ቦርሳ ነው። ጉቺ፣ ሉዊ ቪቶን፣ ኧርሜስ የሚሉት ስሞች ዛሬ በመርካቶአችንም አዲስ አይደሉም። ማማር በራሱ አይወገዝም። ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን የሚወድ ሰው ጉዳይ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው፣ ኩራት ማለት እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ ነው ያስተማሩት። ስለ ብክነት (ኢስራፍ) ሌላ ጊዜ ብዙ ብለናልና ዛሬ አንደግመውም።

ጥያቄው የመጣው ከአጋሮ ነው። አንዲት እህታችን ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታለች። ቡናውን የምትቀዳው ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። እንግዳዋ ቦርሳዋን ከረከቦቱ አጠገብ መሬት ላይ አኑራዋለች። ልጅቱ ሁለተኛውን ስትቀዳ ጀበናው ከእጇ አመለጠና ትኩሱ ቡና ቦርሳው ላይ ፈሰሰ። ባለቤቲቱ «40,000 ብር የተገዛ ነው» አለች። ጠያቂያችን ደግሞ በንዴት ልጅቱን «ከፍለሽ እስክትጨርሺ ደመወዝ የለሽም» አለቻት። ኋላ ግን እንቅልፍ አጣችና «ደመወዟን ብይዝባት ሐራም ይሆንብኛል ወይ?» ብላ ጻፈችልን። አላህ ይዘንላት፤ መጠየቋ በራሱ መልካም ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በሸሪዓ ኃጢአት ሌላ፣ ካሳ ሌላ ነው። የሰውን ንብረት ሳያውቅ፣ በስህተት ያበላሸ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ካሳው ግን አይቀርለትም። ዑለማኦች ይህን «ደማን» ይሉታል። ደማን ቅጣት አይደለም፤ የጎደለውን መሙላት ነው። ለዚህ ግልጽ የሆነው ማስረጃ ቡኻሪ የዘገቡት የገበታው ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንዷ ባለቤታቸው ቤት ሳሉ ሌላዋ ባለቤታቸው ምግብ በገበታ ትልካለች። የቤቱ እመቤት የተላከውን አገልጋይ እጅ ትመታና ገበታው ወድቆ ይሰበራል። እርሳቸው ስባሪውን ሰበሰቡ፣ ምግቡንም አነሱ፣ እናታችሁ ቀንታ ነው ብለው አለፉት። አልጮሁም፣ አላዋረዱም። ነገር ግን አገልጋዩን አቆይተው፣ ከሰባሪዋ ቤት ደህና ገበታ ለተሰበረባት አስይዘው ላኩ። ስባሪውም ሰባሪዋ ቤት ቀረ። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጩኸቱ ይበዛል፣ ካሳው ግን በተገቢው መንገድ አይታሰብም።

እንግዲህ ከፋዩ ማን ነው? «በእጁ ያፈሰሰው ነው» ብሎ መፍረድ ይቀላል። ንብረትን በቀጥታ ያጠፋ ሰው ባያስብበትም ተጠያቂ መሆኑ መሠረታዊ ደንብ ነው። ሆኖም ልጅቱ ቡናውን የቀዳችው ለራሷ አልነበረም፤ በአሠሪዋ ትእዛዝ፣ በአሠሪዋ ቤት፣ ለአሠሪዋ እንግዳ ነው። የሐነፊ ፊቅህ ኪታቦች ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አላቸው። የልብስ አጣቢ ሠራተኛ በጌታው ትእዛዝ ለመብራት እሳት ይዞ ሲገባ ፍንጣሪ ዘሎ የደንበኛውን ልብስ ቢያቃጥል፣ ካሳው በአሠሪው ላይ ነው ይላሉ። የሠራተኛው ሥራ እንደ አሠሪው ሥራ ይቆጠራልና። ሠራተኛው ወሰን ካለፈ፣ ማለትም ያልታዘዘውን ካደረገ ወይም ሆን ብሎ ቸል ካለ ግን ራሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ልጅቱ የእንግዳዋን ቦርሳ ሳታስፈቅድ አንግታ ሰርግ ሄዳ ቢሆን ኖሮ መልሳችን ሌላ በሆነ ነበር። የታዘዘችውን ቡና በወጉ ስትቀዳ ጀበናው ቢያመልጣት ግን፣ እንግዳዋ የምትጠይቀው ቤቱን ነው።

ይህ ክርክር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በሚገኝ አንድ ክለብ ውስጥ አስተናጋጅ በአንዲት እንግዳ የኧርሜስ ቦርሳ ላይ መጠጥ አፈሰሰ። (የፈሰሰው ቀይ ወይን መሆኑን ለጊዜው እንተወው።) ሴትየዋ በቀጣዩ ዓመት 30,000 ዶላር ጠይቃ ክለቡን ከሰሰች። ክለቡ ደግሞ «የሚከፈል ካለ እርሱ ይክፈል» በሚል ዞሮ የገዛ አስተናጋጁን በክሱ አስገባው። ዜናው ሲሰማ ሰዎችን ያስገረመው የቦርሳው ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ሀብታሙ ተቋም ሸክሙን ወደ ትሪ ተሸካሚው ማውረዱም ጭምር ነበር። የአጋሮዋ እህታችንም ያደረገችው ሳታስበው ይህንኑ ነው።

የአገራችን ሕግ የሚለው ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳትም አሠሪው ለተጎጂው ኃላፊ ነው። ለካፌና ለሆቴል ሠራተኞች ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። በዚህ አዋጅ ከደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አልተካተቱም። በዚህ ምክንያት ነው በቤታችን ያለችው ልጅ ከማንም በላይ ለእኛ ለአሠሪዎቿ ኅሊና የተተወችው። ሠራተኛ አሠርቶ ደመወዙን የከለከለን ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ እንደሚሟገተው በሐዲስ ተነግሮናል። ከዚህ በላይ ከባድ ባላጋራ የለም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቡና አገር እንደመኖራችን በቡና እናስረዳ። የሰው አንድ ፈረሱላ ጀንፈል በቸልተኝነት ዝናብ ያስመታ ሰው 17 ኪሎ፣ ያው ዓይነት፣ ያው ደረጃ ጀንፈል ገዝቶ ይመልሳል። ምክንያቱም ጀንፈል አምሳያ አለው፤ ዑለማኦች «ሚስሊይ» ይሉታል። ያገለገለ ቦርሳ ግን አምሳያው በገበያ አይገኝም፤ «ቂመይ» ነው። የሚከፈለው ዋጋው ነው። የትኛው ዋጋ? የተገዛበት አይደለም። በተበላሸበት ቀን፣ በተበላሸበት ቦታ ገበያ የሚያወጣው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በጅዳ ስንት ሪያል እንደተከፈለበት ማስረጃ ይሆን እንደሆነ እንጂ ፍርድ አይሆንም።

ቦርሳው ፈጽሞ ካልጠፋ ደግሞ የሚከፈለው የጎደለው ብቻ ነው። ለምሳሌ ቡናው ሳይፈስበት በጅማ 8,000 ብር የሚያወጣ ቢሆን፣ ከነእድፉ 5,000 የሚገዛው ቢገኝ፣ ካሳው 3,000 ብር ነው፤ ቦርሳውም ለባለቤቱ ይቀራል። ሙሉውን ዋጋ ተቀብሎ ቦርሳውንም ይዞ መሄድ የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል።

እድፍና ጭረት ሁልጊዜ ዋጋ ይቀንሳል ማለትም አይደለም። የኧርሜስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ገደማ ለተዋናይት ጄን በርኪን የሠራላት የመጀመሪያው ቦርሳ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ በጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። ቦርሳው ለዓመታት የተጎተተ፣ የተጫጫረ፣ የተለጠፈበት ወረቀት ፋና የሚታይበት ነበር። ዋጋን የሚወስነው ገበያ እንጂ የባለቤቱ ሐዘን አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ያለ አይመስለንም።

ሌላው ነገር ፎርጅዱ ነው። በመርካቶአችን የታዋቂ ድርጅት ምልክት የተለጠፈባቸው ቦርሳዎች አብዛኞቹ ኮፒ እንደሆኑ ሻጩም ገዢውም ያውቃል። በደህናው ቀን «ኮፒ ናት» እያሉ አዘውትሮ ይዞ፣ ቡና ሲፈስበት «ኦርጅናል ነበር» ማለት ማጭበርበር ነው፤ የተረፈው ገንዘብም ሐራም ነው። ቦርሳው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ታማኝ ነጋዴዎች አይተው ይገምቱት።

የባለቤቲቱን ድርሻም መርሳት አይገባም። ረከቦት የተዘረጋበት፣ ሰው የሚተላለፍበት መሬት ላይ ውድ ዕቃ ያኖረ ሰው ለጉዳቱ በር ከፍቷል። ሕጉ በአንቀጽ 2098 ተጎጂው ራሱ በጥፋቱ ለጉዳቱ ድርሻ ካለው ካሳው ይቀነሳል ይላል። የቤቱ እመቤትም «ቦርሳሽን ከፍ አድርጊው» ብትል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በውሰት ስለተወሰደ ቦርሳም ብዙ ተጠይቀናል፤ በሰርግ ወቅት የተለመደ ነውና። በሻፊዒ መዝሀብ ተዋሹ፣ በተፈቀደለት አጠቃቀም ከሚመጣው ማርጀት በስተቀር፣ ቢጠፋም ቢበላሽም ይከፍላል። በሐነፊ መዝሀብ ግን የውሰት ዕቃ አማና ነው፤ ተዋሹ የሚከፍለው ወሰን ካለፈ ወይም ቸል ካለ ነው። የሻፊዒዎች ማስረጃ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሑነይን ዘመቻ ከሶፍዋን ቢን ኡመያ ጥሩር ሲዋሱ ዋስትና መስጠታቸው ነው። ከጥሩሩ ጥቂቱ ጠፍቶ ሊክሱት ሲሉ ሶፍዋን አልፈልግም አለ። በአገራችን የሁለቱም መዝሀብ ኪታቦች ይቀራሉና፣ ሳይዋዋሱ በፊት «ቢበላሽ እንዴት እንሆናለን?» ብሎ መነጋገር ጠብን ይቀንሳል። ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል፤ ኋላ ከመኳረፍ ግን ይሻላል።

ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው የሚሉም አሉ። ቃዲዎቻችን በተከራካሪዎች ፈቃድ የሚያዩት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰሉትን ነው። የንብረት ጉዳት ካሳ የመደበኛ ፍርድ ቤት ወይም የሽማግሌ ጉዳይ ነው። ለአንድ ቦርሳ ሽማግሌው ይበቃል እንላለን።

ሽማግሌ የሚቀመጥ ከሆነ የነቢዩ ዳውድንና የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ፍርድ ያስታውስ። በሱረቱል አንቢያ እንደተጠቀሰው በጎች ሌሊት የሰው እርሻ ገብተው አወደሙ። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት ዳውድ በጎቹን ለባለ እርሻው ፈረዱ። ሱለይማን ግን እርሻው እስኪያገግም ድረስ ባለ እርሻው በወተቱና በጠጉሩ ይጠቀም፣ ከዚያ በጎቹ ለጌታቸው ይመለሱ አሉ። ተጎጂው ሐቁን አገኘ፣ ባለ በጎቹም ከነመንጋው ተረፈ።

ስለዚህ ለአጋሮዋ እህታችን፦ የልጅቱን ደመወዝ በቀኑ ስጫት፤ የያዝሽባት ካለም መልሺላት። ቦርሳውን በሁለት ነጋዴ አስገምተሽ የጎደለውን አንቺ ለእንግዳሽ ክፈይ፤ በአንድ ጊዜ ካልቻልሽ ጊዜ ጠይቂያት። የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ መጠበቅ በሱረቱል በቀራ የታዘዘ ነው፤ መተው ደግሞ ለተዪዋ የበለጠ መልካም ነው። እንግዳሽ ይህን ንግግር ሰምታ እንደሆነ ምርጫው የእርሷ ነው። በነገራችን ላይ ከመገመቱ በፊት ቆዳ የሚያድስ ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ደህና ቆዳ ከሆነ የቡና እድፍ ብዙው ሊለቅ ይችላል።