ርእሰ መምህር የሚሆን ሰው አስመስክሮ ይሾም

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለመንግሥትና ለሠራዊት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለትምህርት ቤትም እጅግ ይስማማል። ቤቱ ቢሠራ፥ መጽሐፉ ቢታደል፥ መምህሩም ቢቀጠር፥ ይህን ሁሉ አስተባብሮ ወደ ፍሬ የሚያደርስ ራስ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነው ጉዳይ፥ ርእሰ መምህርነትንና የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነትን የሚሹ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ስለሚማሩት ከፍተኛ ትምህርት፥ ይልቁንም ይህ ትምህርት ለማጂና ለአካባቢው ሊሰጠው ስለሚገባው ጥቅም ነው።

ሹመትን በትምህርት መፈተን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ እንደሚያውቁት፥ ድጓ የተማረ ሰው ወንበር ዘርግቶ ከማስተማሩ አስቀድሞ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ሄዶ ማስመስከር የቆየ ሥርዓት ነው። ይህም ምስክርነት ለስም ብቻ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም፤ ተማሪው ነገ ሊያስተምረው ያሰበውን ያንኑ ዜማ በመምህሩ ፊት እያዜመ፥ ስሕተቱም እየታረመ የሚቀበለው ነው። እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባው፥ ሰውየው የሚፈተነው በሚሠራው ሥራ መሆኑን ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት አመራር ግን በሌላ መንገድ ተጀመረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተከፈተው ትምህርት ቤት አመራሩና ማስተማሩ ከግብፅ ለመጡ ቅብጦች ተሰጠ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም የበላይ ተቆጣጣሪነቱን የያዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ ሙያቸውም ሕክምና ነበር። በዚያ ጊዜ የሠለጠነ ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ በሌላ ዕውቀት የበለጸገውን መሾም ግድ ነበር። ከዚያም ወዲህ በደኅና ያስተማረ መምህር ደኅና አስተዳዳሪ ይሆናል የሚለው አሳብ ረጅም ዘመን እንደ ልማድ ቆየ። ነገር ግን ማስተማርና ማስተዳደር ሁለት ሙያዎች ናቸው። ጐበዝ የሒሳብ መምህር አንሥቶ ያለ ዝግጅት ርእሰ መምህር ማድረግ፥ ክፍሉን መምህር አሳጥቶ ጽሕፈት ቤቱን ለጀማሪ መስጠት ነው።

ይህም ነገር ኋላ ታወቀ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር በሙያ እንዲመራ አመለከተ። ከዚያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ተፈለገ፤ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎችም የትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪና የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይሰጥ ጀመር። ለደቡብ ምዕራቡ አገር ቅርብ የሆነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ብዙ ሰዎችን አስተምሮአል። ትምህርቱ ዕቅድና በጀት ማውጣትን፥ መምህራንን መርዳትንና መመዘንን፥ ሕግን፥ ከወላጆች ጋር መሥራትንና ጥናት ማካሄድን የሚይዝ ሲሆን፥ ሠራተኛው ከሥራው እንዳይለይ በክረምት ወራት እየተከፈለ መሰጠቱ የተመሰገነ ነው።

ይሁን እንጂ ዲግሪ ብቻውን መሪ አያደርግም። በአሜሪካ በአብዛኞቹ ግዛቶች ርእሰ መምህር ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት ይጠየቃል፤ ሆኖም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት አርተር ሌቪን በ1997 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ከነዚያ ትምህርቶች የሚበዙት ደካሞች እንደ ሆኑ፥ ብዙ ተማሪዎችም ዲግሪውን የሚሹት ለደመወዝ ጭማሪ እንደ ሆነ በግልጥ ተናገሩ። ሲንጋፖር ግን የተመረጡ የትምህርት ቤት ምክትሎችን ለወራት ከሥራቸው አውጥታ፥ በትምህርት ቤቶች ውስጥ እየተመደቡ እውነተኛ ችግር እንዲፈቱ በማድረግ ታሠለጥናለች። የሀብታሙ አገር ስሕተት ለኛ ትምህርት ሊሆነን ይገባል።

አሁን ወደ ማጂ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሚዛን ተፈሪ የደረሰ ሰው ማጂን ለማየት ገና ወደ ደቡብ ብዙ መንገድ ይቀረዋል። ማጂ ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን፥ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። በደጋው ዲዚ፥ በዙሪያው ሜኒት፥ በቆላው ሱርማ፥ ወደ ሚዛን በኩልም ቤንችና ሸኮ በየቋንቋቸው ይኖራሉ። በዚህ አገር የርእሰ መምህር ሥራ በደወልና በመዝገብ አያልቅም። በሚዛንና በቴፒ በኩል ቡና ሲደርስ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ለለቀማ ይሰማራሉ፤ በቆላው ልጆች ከብት ተከትለው ሣርና ውኃ ፍለጋ ይርቃሉ፤ ዝናብ ሲበረታም መንገዱ ጭቃ ሆኖ መጽሐፉም መምህሩም ይዘገያል። በቤቱ አንድ ቋንቋ፥ በክፍሉ ሌላ ቋንቋ የሚሰማውን ሕፃን ማሰብ፥ ብቸኝነት ከብዶት ዝውውር የሚጠይቀውንም ወጣት መምህር ማጽናናት የርእሰ መምህሩ ዕዳ ነው። ተቆጣጣሪውም በጉድኝቱ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሄዶ ካላየ፥ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ በሚቀበለው ሪፖርት ብቻ እውነቱን ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ የማጂ ርእሰ መምህር የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጽፍ ከሌላ ጽሑፍ ገልብጦ ሳይሆን፥ በለቀማ ወራት ከትምህርት የሚቀሩትን ልጆች እንዴት እንደሚመልስ ሞክሮና መዝግቦ ቢያቀርብ፥ ያ ጽሑፍ ለወረዳውም ለዩኒቨርሲቲውም ሀብት ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በቡናው አገር መካከል መገኘቱ ለዚህ ታላቅ ዕድል ነው፤ ፈታኙ መምህር ተማሪውን በሥራ ቦታው ተገኝቶ ሊያየው ይችላልና።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ማንም ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። የዚህ ጥፋት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በርእሰ መምህራን ላይ ብቻ መጫኑም ግፍ ነው። ነገር ግን ዓመት ሙሉ ክፍሎቹን እየጐበኘ፥ ደካማውን ቀድሞ የሚያይ መሪ ያለው ትምህርት ቤት ውድቀቱን በፈተና ቀን አይሰማም።

እንግዲህ ለሹማምንቱ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ለዚህ ትምህርት የሚላከው ሰው በወዳጅነት ወይም በዝምድና ሳይሆን፥ በማስተማሩ፥ በጠባዩና የአገሩን ቋንቋ በማወቁ ይመረጥ። ሁለተኛ፥ ተምሮ ሲመለስ በዚያው አውራጃ የተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል ውል ይግባ፤ መንግሥትም በበኩሉ በሩቅ አገር ለሚያገለግለው መኖሪያና አበል አይንፈገው፤ ሰውን በውል ብቻ አሥሮ ማቆየት አይቻልምና። ሦስተኛ፥ ዲግሪውን የሚሰጡት መምህራን ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን አይተው ይፍረዱ።

ካህናቱም በየደብራቸው የሚሰሙአቸው ወላጆች አሉና፥ ልጅ በለቀማ ወራት ከትምህርት እንዳይቀር በመምከር ርእሰ መምህሩን ሊያግዙት ይችላሉ። ድጓውን ሳያስመሰክር የሚያስተምርን ሰው ጉባኤው እንደማይቀበለው፥ ሕዝቡም ልጆቹን የሚመራለትን ሰው በምን ተመስክሮለት እንደመጣ ይጠይቅ። የማጂ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ ያነሰ መሪ ሊሰጠው አይገባም፤ መንገዱ ስለ ረዘመበትም የተሻለው ይገባዋል።