ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ

አንባቢ ሆይ፤ ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ለመጓዝ ያሰቡ እንደሆነ በዓሉ የሚውልበትን ቀን አስቀድመው ማወቅ ይገባዎታል። ገና በሦስቱ ዘመናት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ይህን የሚያውቀው ዓመተ ዓለሙን ለአራት ገድፎ ነው። 2016 ዓ.ም. በ5500 ላይ ሲደመር 7516 ይሆናል፤ ይህም ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውምና ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። የላስታው ሊቅ ቢቈጥር የጎንደሩም ቢቈጥር መልሱ አንድ ነው፤ ደንቡ አንድ ነውና።

ኮምፒዩተርም እንደዚሁ አካፍሎ ቀሪ ያወጣል። ነገር ግን ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስለት ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ ያስፈልገዋል። ለአንዱ ቋንቋ ልዩ ልዩ ሠሪዎች ያዘጋጁአቸው ብዙ ኮምፓይለሮች ስላሉ፥ ሁሉም የታወቁትን ስሌቶች በአንድ ዓይነት ካልፈጸሙ ሥራው ይበላሻል።

ለምሳሌ ያህል፥ ብዙ ኮምፒዩተሮች ቀንን የሚቈጥሩት ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.ን ዜሮ አድርገው ነው። በዋዜማው የተወለደ የላስታ ሰው እንግዲህ የልደቱ ቍጥር ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። የዕለቱን ስም ለማግኘት ይህ ቍጥር ለሰባት ሲካፈል፥ አንዱ ኮምፓይለር ቀሪው 6 ነው ይላል፤ ከሐሙስ በኋላ ስድስተኛው ቀን ረቡዕ ነውና ትክክል ይሆናል። ሌላው ቀሪው ከዜሮ በታች 1 ነው ይላል፤ እንዲህ ያለ ቍጥር የተሰጠው ዕለት ግን በሳምንቱ ውስጥ የለም። በሒሳብ ረገድ ሁለቱም አልተሳሳቱም። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲ ቋንቋ ደንብ ነገሩን ለኮምፓይለሩ ሠሪ ፈቃድ ትቶት ነበር፤ የ1999 እ.ኤ.አ. ደንብ ሁለተኛውን መልስ ወሰነ። ፓይተን የሚባለው ሌላ ቋንቋ ደግሞ የመጀመሪያውን ይሰጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በቀሪው ላይ 7 ደምሮ እንደ ገና ለሰባት ማካፈል ነው፤ ያን ጊዜ ከሁለቱም ዘንድ 6 ይገኛል።

በመሥሪያ ቤትዎ አዲስ የመዝገብ ፕሮግራም በመጣ ጊዜ፥ ወይም የነበረው በሌላ ኮምፓይለር በተተረጐመ ጊዜ፥ መልሳቸው የታወቀ ጥቂት ጥያቄዎች አዘጋጅተው ይፈትኑት። ከነዚህም መካከል ከ1962 ዓ.ም. በፊት የተወለደ ሰው ቀን አይቅር። ወጣቶች ብቻ ሲመዘገቡ ጕድለቱ አይታይምና፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡት ሽማግሌ ግን ተራቸው ሲደርስ «ልደትዎ በመዝገብ አይገባም» ተብለው ይመለሳሉ።