ስለ እንፋሎት ባቡርና ስለ ትንሽ አምሳያው

ድስት በእሳት ላይ ተጥዶ ውሃው በፈላ ጊዜ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ ይነሣል፤ ተመልሶም ይወድቃል። ክዳኑን የሚያነሣው እጅ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት በተለወጠ ጊዜ ከቀድሞው ከ1600 እጥፍ የሚበልጥ ስፍራ ይፈልጋልና፥ መውጫ ያጣ እንደ ሆነ በፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይገፋል። የእንፋሎት ባቡር ኃይል ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በባቡሩ ላይ ውሃ የሚፈላበት ታላቅ የብረት ጋን አለ፤ ከጋኑም በስተኋላ ምድጃ አለ፤ እሳት አንዳጁ በአካፋ ከሰል ይጨምርበታል። እንፋሎቱ ከጋኑ ወጥቶ በቧንቧ ሲሊንደር ወደሚባል ጠንካራ የብረት በርሜል ይገባል። በበርሜሉ ውስጥ ፒስተን የሚባል ክብ ብረት አለ፤ እንፋሎቱ አንድ ጊዜ ከፊት፥ አንድ ጊዜ ከኋላ ሲገፋው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ይህም ምልልስ በረጅም ዘንግ አማካይነት መንኰራኵሩን ያዞረዋል። ሥራውን የፈጸመው እንፋሎት በጢስ መውጫው በኩል ይወጣል፤ ባቡሩ ሲሄድ እንደ ትንፋሽ የሚሰማው ድምፅ ይህ ነው። በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም በመጀመሪያ ዘመኑ በዚሁ ኃይል ይጐተት ነበር። በዚህ ምዕራፍ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ኃይል ለሰው ጥቅም ካዋሉት ጠቢባን መካከል ከትንሽ ነገር ትልቅ ትምህርት ያገኙ አሉ። ጄምስ ዋት የሚባል የስኮትላንድ ሰው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የትምህርት መሣሪያዎችን የሚሠራና የሚያድስ ነበረ። በ1763 ለማስተማሪያ የተሠራች አንዲት ትንሽ የእንፋሎት መኪና እንዲያበጃት ተሰጠችው። እርስዋም በዚያ ዘመን ከማዕድን ጕድጓድ ውሃ ያወጣ የነበረው የትልቁ መኪና አምሳያ ናት። ዋት አበጃት፤ ነገር ግን ጥቂት ከሠራች በኋላ እንፋሎት እያነሣት ትቆም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን፥ መጫወቻ ናት ብሎ በተዋት ነበር፤ እርሱ ግን የምትቆምበትን ምክንያት መረመረ። በየምልልሱ ሲሊንደሩ በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል፤ ከዚያም እንደ ገና መሞቅ አለበት፤ ስለዚህ ብዙው እንፋሎት በከንቱ ይጠፋል። በ1765 ዋት እንፋሎቱ በሌላ ዕቃ ውስጥ እንዲበርድና ሲሊንደሩ ግን ሁልጊዜ እንደ ሞቀ እንዲኖር ብልሃት አገኘ። ከዚያ ወዲያ ታላላቆቹ መኪናዎች በጥቂት ከሰል ብዙ ሥራ ሠሩ። ያች ትንሽ አምሳያ እስከ ዛሬ በግላስጎው ቤተ መዘክር ተጠብቃ ትኖራለች።

ጆርጅ እስቲፈንሰን ደግሞ በ1781 በእንግሊዝ አገር ዋይላም በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በከሰል ማውጫ ስፍራ እሳት አንዳጅ ነበረ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ጆርጅ በልጅነቱ ላም ጠባቂ ሆነ። በኢትዮጵያ እረኞች ከጭቃ በሬ እንደሚሠሩ፥ እርሱም ከጓደኛው ጋር ከጭቃ የእንፋሎት መኪና ይሠራ እንደ ነበረ ይነገራል። በጐለመሰ ጊዜ የመኪና ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ ነገር ግን ማንበብ አያውቅም ነበርና ስለ መኪና የተጻፈውን ሌላ ሰው ካላነበበለት ሊረዳው አልቻለም። ስለዚህ ቀን ሲሠራ እየዋለ ማታ ከደመወዙ እየከፈለ ይማር ጀመር። በ18 ዓመቱ ያህል ስሙን መጻፍ ቻለ። በዚያ ዕድሜ ፊደል መቍጠር ለብዙ ሰው የሚያሳፍር ይመስላል፤ እርሱ ግን አልተወውም።

በ1814 የራሱን የመጀመሪያ የእንፋሎት ባቡር ሠራ። እርሱ በልጅነቱ ያጣውን ትምህርትም ለልጁ ለሮበርት ሰጠው። በ1829 ሬንሂል በሚባል ስፍራ ከሁሉ ለሚበልጥ ባቡር 500 ፓውንድ ሽልማት ታወጀ። አባትና ልጅ ሮኬት የምትባለውን ባቡር ይዘው ቀረቡ። በጋንዋ ውስጥ 25 የመዳብ ቧንቧዎች ነበሩ፤ የእሳቱ ትኩሳት በእነርሱ ውስጥ እያለፈ ውሃውን ፈጥኖ ያፈላው ነበር። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በመንገድ ሲበላሹ ሮኬት ብቻ የታዘዘውን ጕዞ ፈጸመች፤ በሰዓትም ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች። እስከ ዛሬም በእንግሊዝ አገር በቤተ መዘክር ትታያለች።

አሁን በብዙ አገር የእንፋሎት ባቡር በናፍጣና በኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል። ነገር ግን የሚወዱት ሰዎች ጨርሶ እንዲጠፋ አልፈቀዱም። በዌልስ ታሊሊን የሚባል ትንሽ የባቡር መንገድ አለ፤ በ1950 ባለቤቱ በሞተ ጊዜ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ1951 ግን ደመወዝ የማይቀበሉ ሰዎች ተሰብስበው ሥራውን ያዙ። በዓለም እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ያን ጊዜ መጀመሪያው ነው። ሊሄድ የሚችል አንድ ባቡር ብቻ አገኙ፤ እርሱም በ1866 የተሠራ ነበር። እነርሱ ግን ሐዲዱንም ባቡሩንም ቀስ በቀስ አደሱ፤ መንገዱም ዳነ።

ሌሎች ደግሞ ባቡሩን በቤታቸው አምሳያውን በመሥራት ይወዱታል። በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ በ1859 የተመሠረተው የሜርክሊን ፋብሪካ በመጀመሪያ ለአሻንጉሊት የሚሆን የቆርቆሮ ዕቃ ይሠራ ነበር። በ1891 በላይፕሲግ ገበያ ልኩ የተወሰነ ሐዲድ ያለው ትንሽ ባቡር አሳየ። ልኩ አንድ ስለ ሆነ ልጅ ዘንድሮ ያገኘውን ሐዲድ ለከርሞ ከሚያገኘው ጋር ሊቀጥለው ይችል ነበር። ዛሬ እጅግ የተለመደው አምሳያ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የትልቁ ባቡር ሁለት ሐዲዶች ብዙ ጊዜ በ1435 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የአምሳያው ግን በ16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው።

የዚህ ሥራ ደስታ ባቡሩ ሲዞር ማየት ብቻ አይደለም። ሠሪው ተራራውንና ድልድዩን፥ ጣቢያውንና ዛፉን በእጁ ይሠራል፤ የትልቁን ባቡር ሥዕል እየተመለከተ እያንዳንዱን ዘንግ ይለካል፤ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ሐዲዱ በጥቂት እንኳ ቢጣመም ባቡሩ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቸልተኛ ሰው አይሆንለትም። የወደቀበትን ስፍራ ፈልጎ ያቃናው ሰው ግን ባቡሩ ዳግመኛ ሲያልፍ ባየ ጊዜ ደስታው ከገዛው ሰው ደስታ ይበልጣል። ሽማግሌና ልጅ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ልጁ ትዕግሥትን ይማራል፤ ሽማግሌውም የሚያውቀውን ያስተላልፋል።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ትልቅ ነገር ሁሉ መጀመሪያው ትንሽ ነው። ዋት የተበላሸችውን ትንሽ መኪና ንቆ ቢሆን ኖሮ የትልቁን መኪና ጕድለት ባላወቀም ነበር። እስቲፈንሰንም ፊደል ለመቍጠር ቢያፍር ኖሮ በጭቃ የጀመረውን በብረት ባልፈጸመም ነበር። ፊደል ታናሽ ናት፤ ዛሬ አንዲቱን፥ ነገም ሌላይቱን በትዕግሥት የሚያጠና ልጅ ግን ጠቢባን የጻፉትን ሁሉ ለማንበብ ይደርሳል።