አየር መንገድን ለዘመናት የሚያቆየው ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ዕድሜውን ያረዘመው ግን ከገዛቸው አውሮፕላኖች ይልቅ ያሠለጠነው የሰው ኃይል ነው። የቀድሞው የአገር ውስጥ በረራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የዓባይና የበሽሎ ጥልቅ ሸለቆዎች የየብስ ጉዞን አድካሚ በሚያደርጉበት በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ መካነ ሰላም ከአየር መንገዱ ማረፊያዎች አንዷ ነበረች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር የክንፍ የማንሳት ጉልበትም የሞተር ኃይልም ስለሚቀንስ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልገዋል። እንዲህ ባለ ደጋ፣ ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ መሥራት ጠንቃቃ አብራሪና ብቁ የጥገና ባለሙያ ይጠይቃል።

«የቆየው የመንግሥት ስለሆነ ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። የመንግሥት ድጋፍ መጥቀሙ አይካድም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የመንግሥት የነበሩት የዛምቢያ አየር መንገድ በ1987፣ የናይጄሪያ አየር መንገድ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ተዘግተዋል። በአንጻሩ የኢትዮጵያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በራሱ ባለሙያዎች የመንገደኛ አውሮፕላኖችን መቀመጫ አስነሥቶ ጭነት በማመላለስ ፈተናውን ተሻገረ። በ2014 ዓ.ም. የዛምቢያ አየር መንገድ ዳግም ሥራ ሲጀምርም የኢትዮጵያው 45 በመቶ ድርሻ ይዞ አጋር ሆነ። ስለዚህ የወደቀን አየር መንገድ ለማንሣት የሚሻ አገር ከአውሮፕላን ግዢ በፊት ማሠልጠኛና የጥገና ማዕከል ላይ መዋዕለ ንዋይ ማፍሰስ ይኖርበታል።