ተጠባባቂው ሰርቨር ለምን አልተረከበም?

ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ሆስፒታል የማታ ተራ ላይ ተግባራዊ ልምምድ ሳደርግ የሕክምና መዝገቡ ሲስተም ድንገት ቆመ። ተራ ከተቀየረ ገና ብዙም አልቆየም ነበር። አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት የማታ ኢንሱሊናቸውን ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም? መልሱ ያለው የማይከፈተው ስክሪን ውስጥ ነው። እኔን የምታሠራኝ ነርስ የወረቀት ቅጽ አወጣችና ወደ ቤቷ የሄደችው ነርስ ጋ ደወለች። «ሰጥቻቸዋለሁ» አለች። ስልኩን ባታነሳ ኖሮስ? ደግመን ብንሰጣቸው ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችል ነበር።

በማግስቱ የሰማሁት ነገር የበለጠ ገረመኝ፤ ተጠባባቂ ሰርቨር ነበረ፣ ግን ሥራውን አልተረከበም። ታላቅ ወንድሜ የሲስተም አስተዳዳሪ ስለሆነ ጠየቅኩት። «ሁለት ማሽን ማቆም ሌላ፣ ርክክብ ማዋቀር ሌላ። ነይና አሳይሻለሁ» አለኝ። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ጭነን ሦስት ቅዳሜዎችን አሳለፍን። ኮምፒውተር ለምታጠኑም፣ እንደ እኔ ለማታጠኑም የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የልብ ምት

በእኛ ክላስተር ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች ሥራ ይከፋፈላሉ። ኮሮሲንክ ማሽኖቹ በሕይወት መኖራቸውን ይከታተላል፤ መልእክቱ ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ (በአዳዲሶቹ እትሞች መነሻው 3000 ሚሊሰከንድ ነው) ጓደኛው እንደወደቀ ይቆጥራል። ፔስሜከር ደግሞ የትኛው አገልግሎት የት ይሥራ የሚለውን ይወስናል።

ማሽኑ በሕይወት አለ ማለት ግን አገልግሎቱ ይሠራል ማለት አይደለም። የልብ ምት ያለው ሰው ሁሉ ንቃተ ሕሊና የለውም። ፔስሜከር ዳታቤዙ መሥራቱን በየጊዜው የሚያጣራው «ሞኒተር» የሚባለው ፍተሻ ሲዋቀርለት ነው፤ ካልሆነ አስነስቶ ይተወዋል። እኛ በየ30 ሰከንዱ እንዲያጣራ አደረግነው።

ፍተሻው ሲወድቅ ፔስሜከር በመጀመሪያ አገልግሎቱን እዚያው ማሽን ላይ አጥፍቶ ያስነሳል። ስንት ጊዜ ሞክሮ ወደ ሌላው ይሂድ? ይህን የሚወስነው «ማይግሬሽን ትሬሽሆልድ» የሚባለው ቁጥር ነው። ካልነካችሁት ገደብ የለውም ማለት ይቻላል፤ በየጊዜው የሚሞት ዳታቤዝ እዚያው ሲነሳ ሲወድቅ ያድራል። እኛ 3 አልነው።

ቅደም ተከተል

የሚሻገረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ዲስኩ ይያያዛል፣ ከዚያ ዳታቤዙ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ተንቀሳቃሹ የአይፒ አድራሻ ይመጣል። ተጠቃሚዎች የሚያውቁት ይህን አድራሻ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሲቀየር ምንም መቀየር አይጠበቅባቸውም። ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሁሉም አንድ ማሽን ላይ መሆን እንዳለባቸውም መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ አድራሻው እዚህ፣ ዳታቤዙ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነርስ፣ አንድ መድኃኒት

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ጓደኛዬ መልስ ካልሰጠ ሞቷል ወይስ በመካከላችን ያለው ገመድ ነው የተቆረጠው? ገመዱ ከሆነና እኔ ሥራውን ከጀመርኩ ሁለታችንም እንጽፋለን። ሁለት ነርሶች ሳይነጋገሩ ለአንድ በሽተኛ አንድ ዓይነት መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 ጊትሃብ ላይ የኔትወርክ ግንኙነት ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። የዳታቤዝ ርክክቡ በራሱ ተካሄደ፤ ግን በአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ ያሉት ዳታቤዞች እያንዳንዳቸው ሌላው የሌለው ጽሑፍ ያዙ። ያንን ለማስታረቅ አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተስተጓጎለ።

አንዱ መከላከያ በማህበራችን ስብሰባ የምታውቁት ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ አብላጫ የሌለው ወገን ሥራ አይጀምርም። ሁለት ማሽን ብቻ ሲኖር ግን አብላጫ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን መጨመር ይመከራል።

ሁለተኛው መከላከያ ስቶኒዝ ይባላል። ስሙ «ሌላውን ማሽን ጭንቅላቱን ምታው» የሚል ቀልድ ቢሆንም ሥራው የምር ነው። ጤነኛው ማሽን አገልግሎቱን ከመረከቡ በፊት የሌላውን ኤሌክትሪክ ያጠፋል፤ የጠፋ ማሽን ደግሞ ምንም አይጽፍም። እኛ በኔትወርክ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ተጠቀምን።

ጥያቄዬ የተመለሰው

በሁለተኛው ቅዳሜ ወንድሜ ሆን ብሎ ስቶኒዝን አጠፋው። «ብዙ ሰው ለሙከራ ብሎ ያጠፋውና መልሶ ማብራት ይረሳል» አለኝ። ከዚያ ዳታቤዙ «ቁም» ሲባል እንዳይቆም አደረገ። ፍተሻው ወደቀ፤ ፔስሜከር ዳታቤዙን ለማቆም ሞከረ፤ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ማሽን ጤነኛ ሆኖ፣ ምልክቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ትክክልም ነበር። የመጀመሪያው መቆሙ ሳይረጋገጥ ሌላ ቦታ ማስነሳት ዳታውን ሊያበላሽ ስለሚችል ፔስሜከር አገልግሎቱን ባለበት ያግደዋል። ስቶኒዝን ስናበራውና ያንኑ ስንደግመው የመጀመሪያው ማሽን ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፣ ዳታቤዙም ሁለተኛው ላይ ተነሳ። የዚያን ሆስፒታል ሲስተም አላየሁም፤ ግን ተጠባባቂ እያለ ርክክብ እንዴት እንደሚቀር በዓይኔ አየሁ።

የታመመው ማሽን ሲያገግምም ችኮላ አያስፈልግም። አገልግሎቱን ወዲያው መመለስ ሌላ መቋረጥ ነው። «ስቲኪነስ» የሚባለውን ቁጥር ከፍ ስታደርጉት አገልግሎቱ ባለበት ይቆያል፤ ሰው በሚመቸው ሰዓት ይመልሰዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተር የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ክላስተር ስትሠሩ ሰርቪሱን በትእዛዝ አዘዋውራችሁ «ሠራ» አትበሉ። ገመድ ንቀሉ፣ ዳታቤዙን ግደሉ፣ «ቁም» ሲባል እንቢ እንዲል አድርጉ። ነርስ ለምትሆኑት ደግሞ፣ አዲስ ክፍል ስትመደቡ በመጀመሪያው ቀን የወረቀት ቅጹ የት እንዳለ ጠይቁ። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ኮምፒውተሮቹ እስካሁን ወንድሜ ሳሎን ውስጥ አሉ። ገመድ መንቀል የሚያምረው የማህበራችን አባል ካለ ይንገረኝ፤ ቡና እናፈላለን።