የከዋክብት ዘለላ እንዴት ይታሠራል፥ እንዴትስ ይፈታል?

በኅዳር ወር ማታ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ሰባቱ ከዋክብት የተባሉትን ተጠጋግተው ያያቸዋል። የዚህ ዘለላ መታሠር በመጽሐፈ ኢዮብ ሳይቀር የተነሣ ጥያቄ ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ዘለላውን ያሠረው ምን እንደ ሆነ፥ እስራቱስ እስከ መቼ እንደሚቆይ ለማስረዳት አስበናል።

አስቀድሞ፥ ከዋክብቱ በእውነት አንድ ላይ ናቸው ወይስ ለዓይናችን ብቻ የተጠጋጉ ይመስላሉ? እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሚሼል በ1767 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን በሒሳብ መረመረው። ብሩሆቹ ስድስት ከዋክብት በአጋጣሚ እንዲህ የመጠጋጋታቸው ዕድል ከ500,000 አንድ ያህል ብቻ መሆኑን አስልቶ፥ አንድ ላይ የያዛቸው የተፈጥሮ ምክንያት መኖር አለበት አለ። ዛሬ ዘለላው ከ1,000 በላይ ከዋክብት እንዳሉት፥ ርቀቱም 440 የብርሃን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ታውቋል።

ከዋክብት የሚወለዱት፥ አብዛኛው ሃይድሮጅን ከሆነ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ነው። ደመናው ከዜሮ በታች እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ የጋዙ ግፊት ይደክማል። በዚህ ጊዜ የስበት ኀይል ያይልና ደመናው በየስፍራው እየተከፋፈለ ይኮማተራል፤ ከእያንዳንዱም ክፍል አንድ ወይም ጥቂት ኮከብ ይወጣል። 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው በኦሪዮን ኔቡላ ይህ ሥራ ዛሬም ሲፈጸም ይታያል።

ነገር ግን አዲሱን ዘለላ የሚያስረው የከዋክብቱ ስበት ብቻ ሳይሆን፥ ወደ ኮከብ ሳይለወጥ በመካከላቸው የቀረው ብዙ ጋዝ ጭምር ነው። ታላላቆቹ ከዋክብት ማብራት ሲጀምሩ ጨረራቸው ይህን ጋዝ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጠርጎ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ዘለላው ምሰሶዋ እንደ ተነቀለ ጎጆ ይሆናል። ቻርልስ ላዳና ኤልዛቤት ላዳ በ2003 ባወጡት ጥናት መሠረት፥ የሰባቱን ከዋክብት ዕድሜ፥ ማለት 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል፥ የሚደርሱት ከአሥር ዘለላ አንዱ እንኳ አይሆኑም።

የተረፉትም ቢሆኑ ቀስ በቀስ ይፈታሉ። ከዋክብቱ ሲተላለፉ በስበት ስለሚሳሳቡ፥ ከባዶቹ ወደ መካከል ይሰበሰባሉ፤ ቀላሎቹ ፍጥነት እያገኙ ወደ ዳር ይወጣሉ፥ አንዳንዶቹም ያመልጣሉ። የፍኖተ ሐሊብ ስበት ደግሞ ከውጭ ይጎትታቸዋል። ለዚህ ምስክሩ 650 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የሂያደስ ዘለላ ነው፤ ጋያ በተባለው የአውሮጳ ሳተላይት ልኬት አማካይነት፥ ከእርሱ ያመለጡ ከዋክብት ከፊቱና ከኋላው እንደ ጅራት ተዘርግተው በ2019 ተገኝተዋል።

ፀሐያችን ዛሬ ብቻዋን ብትሆንም፥ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከሌሎች ጋር በዘለላ እንደ ተወለደች ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ የተገኘው የአጭር ዕድሜ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ፍለጋም በዚያን ጊዜ በአቅራቢያዋ ታላላቅ ከዋክብት እንደ ነበሩ ያመለክታል። እንግዲህ ሰባቱን ከዋክብት ስንመለከት፥ የፀሐያችንን የልጅነት ቤት ምሳሌ፥ ገና ሳይፈታ፥ እናያለን ማለት ነው።