የሙታን ቁጥር፣ የድንበር መስመር

የስፔንና የፖርቱጋል ድንበር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? እንግሊዛዊው ሊዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን መልሱን ሲፈልግ ሁለት ቁጥር አገኘ፤ አንዱ 987፣ ሌላው 1,214። የሆላንድና የቤልጂየምም እንዲሁ ነበር፤ 380 እና 449። የዋሸ ሰው ግን አልነበረም። በረጅም መለኪያ የለካ የድንበሩን መጠማዘዝ ዘሎ ያልፋል፤ በአጭር መለኪያ የለካ እያንዳንዷን እጥፋት ስለሚቆጥር ድንበሩ ይረዝምበታል።

ሪቻርድሰን የአየር ጠባይ ሊቅ ነበር። ጦርነትን የሚያወግዘው የኩዌከሮች እምነት ተከታይ በመሆኑ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሳያነሳ ፈረንሳይ ውስጥ ቁስለኛ በአምቡላንስ ሲያመላልስ ቆየ። ያየው ነገር አልለቀቀውም። ብዙ ጎረቤት ያላት አገር ብዙ ትዋጋ እንደሆነ ለማወቅ ድንበር ለካ፤ ከ1820 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተደረጉ ጦርነቶችንም በሟቾቻቸው ብዛት መድቦ መዘገበ። ይህን መዝገብ የያዘው መጽሐፉ የታተመው እርሱ እ.ኤ.አ. በ1953 ካረፈ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የያዙት ተቋማት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው፣ ስቶክሆልም የሚገኘው የሰላም ምርምር ተቋም ሲፕሪ የመንግሥታትን የጦር ወጪና የመሣሪያ ዝውውር ይከታተላል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ፕሮግራም ደግሞ ሟች ይቆጥራል፤ በአንድ ዓመት ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ከሞተ «የትጥቅ ግጭት»፣ 1,000 ከደረሰ «ጦርነት» ይለዋል። 24 ሰው የሞተበት ግጭት በዚያ ዓመት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ለሟቾቹ ቤተሰቦች ይህ መራራ ነው፤ ወሰን ካልተበጀ ግን አንዱን አገር ከሌላው፣ አንዱን ዓመት ከሌላው ማወዳደር አይቻልም።

በሰሜን ኢትዮጵያ ስለተካሄደው ጦርነት የሚነገሩት ቁጥሮችም የሚለያዩት በከፊል ቆጣሪዎቹ የሚያበጁት ወሰን ስለሚለያይ ነው። ኡፕሳላ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በኢትዮጵያ ከ100,000 በላይ ሰው በውጊያ መሞቱን መዝግቧል። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ግን በጦርነቱ የሞቱትን 600,000 ገደማ ብለዋቸዋል። የመጀመሪያው የአንድ ዓመት ቁጥር ነው፤ በረሃብና በመድኃኒት እጦት ያለቁትንም አያካትትም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንዱ ሐሰት ነው» ማለት ስህተት ነው።

የዘመን አቆጣጠርም ሌላ ወጥመድ ነው። የኡፕሳላ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሚዘልቅ የፈረንጆች ዓመት ሲሆን የአገር ቤት ሪፖርት ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይከተላል። የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጀመረ ሲባል በውጭው ሰንጠረዥ 1998 ላይ መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

ካርታም ያው ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ዘ ሄግ ላይ የመረመረው እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎችን ነበር። በ1900ው ውል ካርታ ላይ በለሳና ሙና የተባሉት ወንዞች መሬት ላይ የትኞቹ ናቸው የሚለው ዋና ክርክር ሆነ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔው ሲነገር ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን አሉ፤ የጦርነቱ መነሻ የነበረችው ባድመ በውሳኔው ካርታ ላይ በስም አልተመለከተችምና።

አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ምንጩ ሩቅ አይደለም። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ። የኡፕሳላና የሲፕሪ ሰንጠረዦች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ከማንኛውም ቁጥር አጠገብ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደቆጠረው፣ ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። «ከ100,000 ሰው ይህን ያህል ሞተ» የሚል ስሌት ሲገጥም ደግሞ የሕዝቡ ቁጥር ከየት እንደመጣ ይጠየቅ፤ የኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው።